ልዩነት አላመጣም

የማጫውታችሁ ነገር የሆነው ባለፈው ዓመት ነው፤ ከአንድ ሐሙስ እስከ ሰኞ ባለው ጊዜ ውስጥ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ስድስት ዓመታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ካልነገርኳችሁ ግን የእነዚያ ጥቂት ቀናት ነገር አይገባችሁም።

ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ካሉት ጠባብ ሱቆች በአንዷ ኮምፒውተሬን ይዤ ቁጭ እላለሁ። ባለጉዳይ ይመጣል፣ በደሉን ያወራኛል፣ እኔ ደግሞ ዳኛ ሊያነበው በሚችል መልክ እጽፍለታለሁ። በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። "ጌታቸው የጻፈው አቤቱታ አይመለስም" ይሉኝ ነበር፤ እኔም ስሙን እወደው ነበር። ወረቀት አያታልለኝም፣ ፊርማ ሳልመረምር አላልፍም የምል ሰው ነበርኩ። ጥፋቴ የመጣውም ከዚሁ አውቃለሁ ባይነቴ ነው።

ባለቤቴ አልማዝ ሜክሲኮ አካባቢ ልብስ ትሰፋ ነበር። ሳል ያዛት። እኔ "ብርድ ነው" አልኩ፤ እሷ ደግሞ "የጨርቁ ብናኝ ነው" አለች። ሁለታችንም ስንዘናጋ ወራት አለፉ። ጤና ጣቢያ የሄደችው ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ነው። ቲቢ ነው ተባለ፤ ሁለቱንም ሳንባዋን ይዞታል አሉን። መድኃኒት ተጀመረላት። በየቀኑ ጠዋት ክንዷን ደግፌ እወስዳታለሁ፤ በጤና ባለሙያ ፊት ትውጠዋለች፤ ደግፌ እመልሳታለሁ። አንድም ቀን አላሳለፍንም።

በዚያው ሰሞን ሲስተር ሃና የምትባል ነርስ አነጋገረቻት። አንድ የምርምር ቡድን፣ ከቲቢው መድኃኒት ጎን ተጨማሪ ኪኒን ቢወሰድ በሽተኛ ቶሎ ያገግም እንደሆነ እያጠና ነው፤ ፈቃደኛ ከሆነች ትገባለች፣ ካልፈለገች ደግሞ ሕክምናዋ አይጓደልባትም። አልማዝ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አንብባ ፈረመች። በየሁለት ሳምንቱ ነጭ ብልቃጥ እየተሰጣት ቤት ትወስዳለች፣ ተመልሳ ስትሄድ የቀረው ይቆጠራል።

"ለእኔ ባይሆን ለሌላው ይጠቅም ይሆናል" አለችኝ።

ወር ሳይሞላት አንድ ባለጉዳይ የውርስ ማመልከቻ ሊያጽፈኝ ተቀምጦ ስለ ሚስቴ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው።

"ሙከራ ላይ አስገባሃት? አንተ የተማርክ ሰው አይደለህም እንዴ! በእኛ ላይ እኮ ነው የሚሞክሩት!"

ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔ ግን የቀረውን ራሴ ጨመርኩት። ቤቴ እንደገባሁ ብልቃጡን ከመደርደሪያው አነሳሁ።

"ከዛሬ ጀምሮ ይሄን አትውጪም" አልኳት።

"ፈርሜያለሁ እኮ ጌቾ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።"

"ፊርማ ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ! ስንቱ ፈርሞ ሲያለቅስ የማየው እኔ ነኝ። ነርሷ ብትጠይቅሽ 'እየወሰድኩ ነው' በያት።"

አልማዝ ለመከራከር ትንፋሽ አልነበራትም። አይታኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አንድ ፍሬ ቆጥሬ ሽንት ቤት እጨምር ነበር። አንድ ፍሬ ብቻ፣ ሲቆጠር እንዳይጎድል እንዳይተርፍ። ማስረጃ ማስተካከል ያስለመደኝ ሥራዬ ነው። አልማዝ በአራተኛው ወር አረፈች።

ልቤን የሰበረው ግን ለቅሶው ላይ የሰማሁት ነው። አንዲት የሰፈራችን ሴት እዚያው ጥናት ውስጥ ነበረች፤ ድና ወፍራ መጥታለች። አጠገቤ ተቀምጣ ለሌላይቱ ስታወራ፣ "እኔንስ ከሞት ያነሳኝ ያ ነጩ ኪኒን ነው" አለች። እዚያው የያዝኩት ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። ሰዎች በሐዘን መስሏቸው ደገፉኝ።

ስድስት ዓመት። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ልጃችን ሜሮን እናቷ ስትሞት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። የእናቷን ነገር በጠየቀችኝ ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ፣ ወይም ሥራ አለኝ ብዬ እወጣለሁ። ልጄ አባቴ እናቴን ረስቷል ብላ ታስብ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ከምሳ በፊት ስልኬ ጠራ።

"አቶ ጌታቸው ነዎት? የወይዘሮ አልማዝ ባለቤት? ሲስተር ሃና ነኝ፣ ከጥናቱ። ያስታውሱኛል?"

ፊት ለፊቴ ሁለት ባለጉዳዮች ተቀምጠዋል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "አስታውሳለሁ" አልኩ።

"ጥናቱ ተጠናቆ ውጤቱ ታውቋል። ለተሳተፉት፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለአካባቢው ሰው ቅዳሜ ጠዋት እንናገራለን። እርስዎም ቢገኙልን ደስ ይለናል።"

"እኔ ምን አደርጋለሁ? እሷ የለች..."

"ስለሌለች ነው እርስዎን የጠራሁት" አለችኝ በትሕትና።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የባለጉዳዩን ስም በከሳሽ ቦታ መጻፍ ሲገባኝ በተከሳሽ ቦታ ጻፍኩት። ሰውዬው ባያይ ኖሮ ታትሞ ይወጣ ነበር።

ታውቆብኛል አልኩ። ወይም ደግሞ ኪኒኑ ፍቱን መሆኑ ተረጋግጦ፣ ሕዝብ ሰብስበው "የወሰዱት ዳኑ፣ ያልወሰዱት ሞቱ" ሊሉ ነው። ዓርብ ባለጉዳይ አልቀበልም ብዬ በሩን ገርበብ አደረግኩና የራሴን ጉዳይ መጻፍ ጀመርኩ። "እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው" ብዬ ጀመርኩ። ለሌላው ሰው በሃያ ደቂቃ የምጨርሰው ነገር፣ ለራሴ ግማሽ ገጽ መሙላት አቃተኝ። አጠፋሁት።

ቅዳሜ ላለመሄድ ወስኜ ተነሳሁ። ጫማዬን ያሰርኩት እስከ ሱቄ ልደርስ ነበር። እግሬ ግን የወረዳው አዳራሽ በር ላይ አደረሰኝ።

ስልሳ ያህል ሰው ይሆናል። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት እናት አሉ፤ ሰዎች እማማ ተዋበች ሲሏቸው ሰማሁ። እሳቸውም በጥናቱ ነበሩ። ሲስተር ሃና ፊት ለፊት ቆማ ሰው ታስቀምጣለች፤ ጸጉሯ ሸብቷል። ጥናቱን የመሩት ዶክተር ሰሚራ የሚባሉ፣ ሻሽ ያሰሩ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ወረቀት ሳይዙ ተነስተው ሰላምታ ሰጡና በሕይወት የሌሉትን ተሳታፊዎች በኅሊና ጸሎት እንድናስባቸው ጠየቁ። ተነሳን።

ከዚያ ማስረዳት ጀመሩ። "ሁላችሁም የቲቢውን ዋና መድኃኒት ወስዳችኋል። እሱ ማንም ላይ አልተጓደለም። በነጩ ብልቃጥ የነበረው ግን ለግማሹ ሰው ቫይታሚን፣ ለግማሹ ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለበት ባዶ ኪኒን ነበር።"

አዳራሹ ተናወጠ። አንድ ጎልማሳ ከፊት ተነስቶ፣ "ምን? ስድስት ወር ሙሉ ባዶ ኪኒን ስታቅሙኝ ነበር?" ብሎ ጮኸ። ሌላው "ማን ባዶ ማን ሙሉ እንደሚሰጠው መራጩ ማን ነበር?" አለ። ሲስተር ሃና ልታረጋጋ እጇን አነሳች፤ ዶክተሯ ግን ይናገሩ ብለው ከለከሏት። ጩኸቱ ሲበርድ ነው የመለሱት።

"በዕጣ ነው የተደለደለው። የትኛው ለማን እንደደረሰ እናንተም አታውቁም፣ እኔም አላውቅም ነበር። በፈረማችሁት ቅጽ ላይ ተጽፏል፤ ግን በደንብ አላስረዳናችሁ ከሆነ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እስቲ አስቡት፤ ለሁላችሁም ቫይታሚን ሰጥተናችሁ ብትድኑ፣ ያዳናችሁ ዋናው መድኃኒት ይሁን ቫይታሚኑ በምን እናውቃለን?"

ሰውዬው "እሱስ ልክ ነው" አለና እያጉረመረመ ተቀመጠ።

"አሁን ወደ ውጤቱ ልምጣ" አሉ ዶክተር ሰሚራ። እኔ የወንበሩን ጠርዝ ያዝኩ። "እውነቱን ለመናገር ይጠቅማል ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። ቫይታሚኑን የወሰዱትንና ያልወሰዱትን አስተያየን። በመዳንም፣ በማገገምም፣ በሞትም አስተያየን። ልዩነት አላመጣም።"

ሰው ተያየ። እማማ ተዋበች ከተቀመጡበት፣ "እና ልጄ፣ ያልጠቀመን መሆኑን ልትነግሪን ነው የጠራሽን?" አሉ። አዳራሹ ሳቀ።

ዶክተሯም ፈገግ አሉ። "አዎ እማማ። ውጤቱ ጥሩ ሲሆን ብቻ የምንጠራችሁ ከሆነማ ነጋዴ ሆንን። የራሳችሁ ነገር ነው፤ የማወቅ መብት አላችሁ።"

እኔ አልሳቅሁም። ልዩነት አላመጣም የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ አልወርድ ብሏል። በሕግ ቋንቋ አንድን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ማገላበጥ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ሁለት ቃል መረዳት አቃተኝ። ያ ሁሉ ኪኒን... ያ ሁሉ ጠዋት...

እጄ ራሱ ተነሳ። ማይክሮፎን ሰጡኝ።

"አንድ የማውቀው ሰው አለ" ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። "ሚስቱ ጥናቱ ውስጥ ነበረች። ዋናውን መድኃኒት ወስዳለች። ነጩን ግን... ቤተሰብ ከለከላት። ሞተች። ይህ ሰው... ማለት..."

አልቻልኩም። ሲስተር ሃና ወዲያው ለይታኝ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ሚስቴ ናት" አልኩ። "የደፋሁት እኔ ነኝ። በየቀኑ እየቆጠርኩ ደፋሁት። እሷንም ዋሺ አልኳት። ገድያታለሁ ብዬ ስድስት ዓመት ኖርኩ።"

ሰው ይነሳብኛል፣ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። እማማ ተዋበች የኮቴን እጅጌ ጎተት አድርገው፣ "ተቀመጥ ልጄ፣ እግርህ አልያዘህም" አሉኝ። ተቀመጥኩ። ዶክተር ሰሚራ ስሜን ከሲስተር ሃና ሰምተው ከመድረኩ ወርደው፣ በወንበሮቹ መካከል አልፈው፣ ፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር አዙረው ተቀመጡ። ማይክሮፎኑን ትተውት ነው የመጡት።

"ጋሽ ጌታቸው፣ ዋናውን መድኃኒት ያቋረጠችበት ቀን አለ?"

"አንድም። እኔው ነኝ የማደርሳት።"

"እንግዲያው የማውቀውን ልንገርዎ፤ የማላውቀውንም እነግርዎታለሁ። አንድ ሰው ለምን እንደሞተ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ሐኪም ነኝ እንጂ እግዚአብሔር አይደለሁም። የሷ በሽታ ግን ስትመጣ በጣም የገፋ ነበር፤ አስታውሳታለሁ። እርስዎ የደፉት ቫይታሚን ቢሆን፣ ቫይታሚን የወሰዱት ካልወሰዱት በላይ አልዳኑም። ባዶው ቢሆን ደግሞ ባዶ ነው። የዳኑት ሰዎች የዳኑት እርስዎ ክንዷን ደግፈው ባደረሷት መድኃኒት ነው። ከሷ ላይ የቀነሱት ሕይወት የለም።"

"የሰፈራችን ሴት ነጩ ኪኒን ነው ያዳነኝ ብላለች እኮ!"

"መስሏት ነው። እኛም እኮ ይመስለን ነበር።"

እንዴት እንዳለቀስኩ አልነግራችሁም። ሐምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አባቴ ሲሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። ደረቴ ውስጥ ለዓመታት የተቆለፈ ነገር እየተከፈተ፣ አየር የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ሰውም ጥያቄውን ቀጠለ፤ ዶክተሯም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ያ በባዶ ኪኒን የተቆጣው ጎልማሳ ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ አለፈ።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። አልማዝን ዋሺ ማለቴ። ቃሏን አስበልቻታለሁ፤ የጥናቱንም መዝገብ በሐሰት አበላሽቼዋለሁ። ልወጣ ስል ይህንኑ ለሲስተር ሃና ነገርኳት። "ሰኞ ሰንጋ ተራ ቢሯችን ይምጡ። ባለቤቷ ስለሆኑ ፋይሏን ማየት ይችላሉ" አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ባለጉዳይ ሳይበዛ ሄድኩ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በመስኮቱ የሚሠራ ሕንፃ ይታያል፣ የብረት መቁረጫ ድምፅ ያስቸግራል። ሲስተር ሃና መስኮቱን ዘግታ ፋይሉን ከፈተች።

"የደረሳት የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ? ግዴታ የለብዎትም።"

"ንገሪኝ" አልኩ።

"ቫይታሚኑ ነው።"

ባዶውን ተመኝቼ ነበር፤ አልዋሻችሁም። የደፋሁት ባዶ ነበር ብሎ መሳቅ እንዴት ቀላል ነበር! ሕመሙ እስኪመለስ ጠበቅሁ። ሲስተር ሃናም ፊቴን እያየች ጠበቀች። አልተመለሰም። ቅዳሜ የሰማሁት እውነት ሰኞም እውነት ነበር።

"አሁን ይሄን ያንብቡ" አለችኝ፣ አንድ ገጽ ወደ እኔ አዙራ።

የሲስተር ሃና የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። ኪኒኑን ከከለከልኳት በኋላ አልማዝ ጤና ጣቢያ በቀረበችበት በመጀመሪያው ቀጠሮ የተጻፈ ነው። "ተሳታፊዋ በቤተሰብ ስጋት ምክንያት ተጨማሪውን ኪኒን መውሰድ ማቆሟን በራሷ ፈቃድ አሳውቃለች። በክትትሉ መቆየት ትፈልጋለች።"

ደግሜ አነበብኩት። ወረቀት አያታልለኝም የምለው ሰው፣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

"ነግራሻለች?"

"እርስዎ ውጭ ሲጠብቁ፣ ከመቀመጧ ነው የነገረችኝ። 'እናንተን መዋሸት አልችልም፣ ባሌንም ማሳፈር አልፈልግም' አለችኝ። 'ክፋት የለውም፣ ፈርቶልኝ ነው። ነገሩን እንዳወቃችሁ አትንገሩት፤ ብልቃጡንም ስጡኝ፣ ባዶ እጄን ከገባሁ ይጠይቀኛል።' ዶክተር ሰሚራን አስፈቅጄ እሺ አልኳት። አደራዋን ጠብቄ ነው እስከዛሬ ዝም ያልኩት። እርስዎ ገድያታለሁ ብለው እንደሚኖሩ ባውቅ ኖሮ አንድ ቀን አላድርም ነበር።"

እንግዲህ እኔ ፍሬ እየቆጠርኩ ስደፋ፣ እሷ እውነቱን ተናግራ፣ አስመዝግባ ጨርሳ ነበር። ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው ያዞረችው ተሸንፋ መስሎኝ ነበር። ቃሏንም፣ ባሏንም እንዴት እንደምታተርፍ እያሰበች ነበር። ሲስተር ሃና ፊት በእንባዬ መሐል ሳቅሁ። እሷም አብራኝ ሳቀች።

ከሰንጋ ተራ እስከ ልደታ በእግሬ ተመለስኩ። ታክሲ ረዳቶቹ ሲጠሩኝ እጄን እያወዛወዝኩ አለፍኳቸው። ያን ቀን ከሰዓት ሜሮንን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። አቀፈችኝ ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። "ዋሺ አልካት?" ብላ ተነስታ ሄደች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ሱቄ ድረስ መጥታ፣ ባለጉዳዩ እስኪወጣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችና፣ "አባዬ፣ የእማዬ ፋይል ላይ የተጻፈውን እኔም ማየት እችላለሁ?" አለችኝ። አብረን ሄድን። መንገዱን ሙሉ ስለ እናቷ ስትጠይቀኝ እኔም ስመልስላት ደረስን። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አልቀየርኩም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ሁሉም ነገር ተፋቀ አልላችሁም። ሳሉን "ብርድ ነው" ብዬ ያዘናጋሁት እኔ ነኝ፤ ያ ቁጭት አሁንም አብሮኝ አለ። ግን እሱን መሸከም እችላለሁ፣ ልኩ የታወቀ ሸክም ነው። ያስጎነበሰኝ ያላደረግኩት ነገር ነበር። በቤታችሁ የታመመ ሰው ኖሮ ጥርጣሬ ቢገባችሁ እንደ እኔ ዘግታችሁ አትፍረዱ። ሄዳችሁ ጠይቁ። ካልመሰላችሁም በግልጽ "አቁመናል" በሉ፤ አልማዝ እንዳደረገችው ማለት ነው።

ዶክተር ሰሚራ አሁን ለተሳታፊዎች የሚሰጡትን ወረቀት ከመታተሙ በፊት ወደ እኔ ይልኩታል። ሰው የማይገባው ቃል ሳገኝ እሰርዝና እንደምናወራው እጽፈዋለሁ። በቅርቡ አንዷ ወጣት ተመራማሪ ረቂቋን ይዛ ሱቄ መጣች። ጥናቷ ያሰበችውን አላሳየም፣ አዝናለች። "ጋሼ፣ ምንም አላገኘንም ለማለት ሰው መሰብሰብ አያሳፍርም?" አለችኝ።

ወንበር ሰጠኋት። "ጥሪያቸው ልጄ" አልኳት። "በሩ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ሰው አይጠፋም።"